እምነት ክህደት

«ልዩ ቦታው» ይላል ክሱ፣ «ልዩ ቦታው ቱሉ ዲምቱ»፤
ልዩነቱ አልታየኝም፦ ያልተለሰነ ፎቅ፣ ክሬን ከነዝገቱ፣
አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ ታክሲው የሚዞርበት ዳር፤
አምና ጤፍ የበቀለበት፣ ዘንድሮ የጠጠር ክምር።
«ከሌሊቱ በግምት ስምንት ሰዓት ሲሆን» ብሎ ይቀጥላል፣
«ለጊዜው ካልተያዙ ግብረ አበሮቹ ጋር» ይላል፣
«ባለ ዐሥራ ስድስት ፌሮ፣ በቁጥር ስልሳ ሁለት»፣
አራት ነጥብ እስኪገኝ ሰው የሚያልቅበት፣
ገጽ ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ትንፋሽ የሌለበት።

ዛሬ የደረሰኝ ዘጠኝ ፋይል ነው፤ የሱ ከሁሉ ስስ።
ሽባባው አለኸኝ፣ የሌሊት ዘበኛ፤
የተያዘባት ጋቢ ናት ዛሬም የምትለበስ።

አቃቂ ችሎት ኮሪደር፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል፤
ፖሊሱ ካቴናውን እያሻሸ አጠገባችን ቆሟል።
«ሽባባው» አልኩት፣ «ዳኛዋ ክሱን ታነብልሃለች፣
ቀጥላ የእምነት ክህደት ቃልህን ትጠይቃለች፤
ያኔ ክደህ ተከራከር።»
                    ቀና ብሎ አየኝ፣
እናቱን የሰደብኩ ያህል ዐይኑ ተቆጣኝ።

«እትዬ» አለ፣ ድምፁ አነሰ፣
«ሦስቴ የካደ ሰው፣ ዶሮ ሲጮህ እንዳለቀሰ
አውቃለሁ። በሰባት ዓመቴ ዳዊት ደግሜያለሁ።
እኔ ከሃዲ አይደለሁም፤
እምነት ካሉኝማ ‹አምናለሁ› እላለሁ።»

ሕግ ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩኝም፤
ቃልን ከደብር አውርደው ችሎት ሲያቆሙት
ምን እንደሚመስል አልነገሩኝም።

«እዚህ ቤት» አልኩት፣ «ማመን ‹ሰረቅሁ› ማለት ነው፤
መካድ ደግሞ ‹ማስረጃ ካላችሁ ይምጣ› ነው።
ሸክሙ የከሳሽ ነው፣ ያንተ ትከሻ አይደለም፤
ዝም ብትል እንኳ፣ ዝምታህ አይመሰክርብህም።
ሰርቀሃል ወይ?»
             «እኔ? አንዲት ሚስማር!»
«ታዲያ?»
        «ተኝቼ ነበር።»

ቀን አሸዋ ሲጭን ውሎ፣ የቀን ሠራተኛ ጠፍቶ ሰው፣
ማታ እዚያው ጥበቃ ቆሞ፣ እንቅልፍ እንደ ጎርፍ ወሰደው።
ሲነቃ ፌሮው የለም፤ ጭቃው ላይ የጎማ ዱካ አለ፤
ሮጦ ጣቢያ የነገረ ራሱ ነው፤
እዚያው ዋለ፣ እዚያው ዐደረ፣ እዚያው ተከሳሽ ተባለ።
«ግብረ አበሬማ» አለኝ፣ «ለጊዜው ያልተያዘው፣
እንቅልፍ ነው፤ እስቲ ሕግ ካለ፣ እሱን ይያዘው።»

«ወንጀል እንደ ጉልቻ ነው፤ ሦስት ካልሆነ ድስት አይሸከምም፤
ሕጉ አለ፤ ድርጊቱ ግን ያንተ አይደለም፣
ሐሳቡም በልብህ የለም።
አንቀላፍቶ መስረቅ አይቻልም።»
ራሱን ነቀነቀ። የገባው ግን አይመስለኝም።

ዳኛዋ ጠየቀችው። ከንፈሩ ደረቀ፤
«ክጃለሁ» አለ፣ ከካቴና በተፈታች እጁ አማትቦ፣
ከዚያ ጣሪያውን ሰረቀ፤
ዶሮ የሚጮህ ይመስል ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።
የጮኸው ሲኖትራክ ነው፣ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ።

በሌላ ቀጠሮ፣ የጭነት መኪና ረዳት ቀረበ ሊመሰክር፤
«በጋቢው ለየሁት» አለ፣ «ፌሮ ሲያሸክም ነበር።»
በመስቀለኛ ተነሣሁ። «መብራት ነበር?» «አዎ፣ አለ።»
«ከየት?» «ከምሰሶው።»
                 ምሰሶውማ እውነት ነው፣ ቆሟል፤
ሽቦው ነው እስከ ዛሬ ያልተንጠለጠለ።
ደብዳቤውን አቀረብኩ። ዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶውን ከደነ።
እኔም ተቀመጥኩ፤ ሆዴ ባዶ፣ ጉሮሮዬ የደፈነ።

ብይኑ ለጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ ተቀጠረ።
ወደ መኪናው ሲወስዱት፣ ሽባባው ዞረ፤
ፖሊሱ ክንዱን እየሳበው፣ አንድ ነገር አጥብቆ ሊጠይቀኝ ሞከረ፦
«እትዬ፣ መካዱንስ ካድኩ፤ መተኛቴስ? አንቀጹ ስንት ነው?»
መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ደጋግሜ ገለጥኩ፣
እያወቅሁ እንደሌለው።